መሀሉ የአያ ኑርዬ

በእያንዳንዱ ከተማ የራሱ ያልሆነውን የሚሸጥ አንድ ሰው አለ። ሐኪም የሌለበት ከተማ አይቻለሁ፤ ውኃ የሌለበት፣ መብራት ለሁለት ሰዓት ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋበት ከተማም አይቻለሁ። ይህ ሰው የሌለበትን ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ከተማ ሲቆረቆር መጀመሪያ እሱ መጥቶ መሬቱን የሚያሳይ ይመስለኛል።

የእኛው የሐይቅ ከተማው፣ የሰው ግድግዳ አስተዳዳሪ፣ የቁልፍ አልባ ቤቶች ባላባት፣ ክቡር አያ ኑርዬ ነበር።

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ እኔ በማዘጋጃ ቤቱ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር አንድ ነገር ከመጻፌ በፊት ማን፣ መቼ፣ በማን ፊት ብዬ መጠየቅን ነው። አያ ኑርዬ ሦስቱንም አይወድም ነበር። «ማን» ስለው «ሰው ነዋ»፤ «መቼ» ስለው «ኢንሻአላህ»፤ «በማን ፊት» ስለው «በአላህ ፊት» ይለኛል። ከእሱ ጋር አንድ ረፋድ የተነጋገርኩ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሠራም፤ ጭንቅላቴን ይዤ እቀመጣለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤቱን ሊሸጥ የሚያስብ ሰው መኖሩን አያ ኑርዬ ከሰውዬው ከራሱ ቀድሞ ያውቃል። ይሄድና ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ጤና ይጠይቃል፤ የቤተሰቡን አላልኩም፣ የቤቱን ጤና። «ቆርቆሮው እንዴት ከረመ? የጓሮው ግድግዳ ክረምቱን ቻለው?» ይላል፣ ስለ አሮጊት እናት እንደሚጠይቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ባለቤቱ ሆዱ ሲባባ ጠብቆ «በል ለእኔው ሽጥልኝ» ይለዋል።

ገንዘብ አያወጣም። በሌላ አገር ሰው ቀብድ ይሰጣል፤ አያ ኑርዬ ዱዓ ያስደርጋል። ሼህ አሊና አቶ ባዬ ይጠራሉ፤ አንደኛው የሰፈሩ ሼህ፣ ሌላኛው የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የሰንበቴ ማኅበር ሙሴ፣ መሪው፣ ናቸው። የሻጩና የአያ ኑርዬ እጅ ይያያዛል፣ ዋጋው ይነገራል፣ ሽማግሎቹ «ሻጩን ሲሳይ ይስጠው፣ ገዢውን ይባርክለት» ብለው ይመርቃሉ፤ ግማሹ ሰው «አሚን»፣ ግማሹ «አሜን» ይላል። አለቀ። በእኛ አገር ዱዓ የተደረገበትን ያፈረሰ ሰው ላሙ ብትነጥፍ፣ በቅሎው ብታነክስ ምክንያቱን ጎረቤት ይነግረዋል። ስለዚህ ሻጩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ለሌላ አያሳይም።

አያ ኑርዬ ደግሞ በበነጋታው እውነተኛውን ገዢ ፍለጋ ይወጣል። ውጫሌ ገበያ ይወርዳል፣ ደሴ ይወጣል፣ አውቶቡስ ተራ ይቆማል። ያቺን በምርቃት ያሰራትን ቤት ከፍ ባለ ዋጋ ለሌላ ሰው ያሻግራታል። ሻጭና ገዢ የሚተያዩት እኔ ቢሮ ለውል ሲመጡ ነው። እሱ መዝጊያው ላይ ተደግፎ፣ ሁለቱንም እያየ፣ የታወቀችውን ቃሉን ይላል፦ «ዳርና ዳሩ የእናንተ፣ መሀሉ የኔ።»

ሻጩ ገዢው የከፈለውን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። «አንተ አያ ኑርዬ! ይኸ ሁሉ መሀል?» ይላል።

«ምነው ጃል፣ እኔ ባልኖር ይኼን ሰው የት ታገኘው ነበር? ሕልምህ ውስጥ?»

ሻጩ እያጉረመረመ ይፈርማል። እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ እውነቱን ነው እል ነበር። ያ ነበር ይበልጥ የሚያናድደኝ።

በስድሳ ሰባቱ አዋጅ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሲሆን፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ሲባል፣ የእሱ ነገር አበቃለት ብለን ነበር። ደሴ ያሉ ትላልቆቹ ደላሎች ከገበያው ጠፉ። አያ ኑርዬ ግን አዋጁ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ከፊት ቆሞ በጥሞና ሰማና፣ ከጎኑ ለነበረው ሰው «ተመስገን፣ እኔን አልጠሩኝም» አለው። እውነቱን ነበር። መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የባለቤቱ ሆነ፤ መሀሉን ማን ይወርሳል?

ስለ ሥራው ብዙ ይነገራል፤ ግማሹን እኔው አይቻለሁ።

አንድ ቀን እትዬ ተሻለች ምሳ እየበላች ሳለ አራት ሰዎች የገመድ አልጋ ተሸክመው ግቢዋ ገቡ። በእኛ አገር አልጋ በአራት ሰው ትከሻ የሚመጣው በሽተኛ ሲኖርበት ነው፣ ካልሆነም ሬሳ። ጉርሻዋን ጥላ «ወይኔ! ማነው? ማንን ነው ያመጣችሁብኝ?» ብላ እያለቀሰች ደረቷን መታች። አልጋው ባዶ ነበር። ገዢው ዕቃውን እያስገባ ነው። አያ ኑርዬ ቤቱን ሸጦት ነበር፤ የቀረው እትዬ ተሻለችን መጠየቅ ብቻ ነበር።

«አብሽሪ፣ እህቴ» አላት፣ ኋላ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ፤ «ፍቃድሽ በልቤ ነበረ፤ አፌ ነው የቀደመው።»

ሰውየውን ከነአልጋው አባረረችው። ከሁለት ወር በኋላ ግን ቤቱን ለዚያው ሰው ሸጠች። ባለ አልጋው ቀድሞ ያያት በእንባዋ ነበርና «ሩኅሩኅ ሴት ናት» ብሎ ዋጋ ላይ አልተከራከረም። አያ ኑርዬ መሀሉን ወሰደ።

የግሸን ሰሞን ደግሞ ሌላ ነው። በመስከረም ሃያ አንድ ዋዜማ ተሳላሚው ከየአገሩ በአውቶቡስ ውጫሌ ሲራገፍ፣ አያ ኑርዬ እስላሙ «እመብርሃን በሰላም ታድርሳችሁ! ማደሪያ አለ!» እያለ ይቀበላቸዋል። ማደሪያው የማን እንደሆነ ከእሱ በቀር፣ ባለቤቱም ጭምር፣ የሚያውቅ የለም። አንድ ዓመት የአንዱን ገበሬ ጎተራ ስር ለስድስት መነኮሳት አከራይቶ፣ ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ቤቱ ጸሎት ላይ ሆኖ ጠበቀው። ገበሬው ምን ይበል? ተንበርክኮ ተባረከ፤ እራት አብልቷቸው አደሩ።

የውይይት ክበቡ ነገር አይረሳኝም። ከአውራጃው የመጣ ካድሬ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ሲያስተምር ውሎ፣ በመጨረሻ «በዚህ ከተማ አየር ባየር የሚነግድ፣ የሠፊውን ሕዝብ ላብ የሚመጥ ከበርቴ አለ» አለ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያ ኑርዬን አየው። እኔ በእውነት ፈራሁለት። ያን ጊዜ በስብሰባ መካከል ስሙ የተነሳ ሰው ቤቱ ላይመለስ ይችላል።

አያ ኑርዬ እጁን አወጣ። «ጓድ፣ ጥያቄ አለኝ። ከበርቴ ማለት ካፒታል ያለው ነው ብለውናል።»

«ትክክል።»

«እኔ ካፒታል የለኝም። ቤት የለኝም፣ ሱቅ የለኝም፣ ይኼ ኮት እንኳን የአጎቴ ነው። በምን ከበርቴ ሆንኩ? እኔ ጓድ፣ ጭቁን አየር ነኝ።»

ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። ካድሬው ሳይወድ ሳቀ። ከስብሰባው በኋላ ከዋርካው ስር ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አየኋቸው። የካድሬው አማት ሐይቅ ዳር አየር የሚስማማት ቤት ትፈልግ ኖሯል። አያ ኑርዬ «ውኃው ከነዓሣው ጓሮዋ ነው በላት» ሲለው ሰማሁ።

እንግዲህ የሚገርመው ይኼ ነው፦ ይህ ሰው ያን ያህል ቤት ሲያሻሽጥ የራሱ ቤት አልነበረውም። ከሚስቱ ከራህማ ጋር በአንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ በኪራይ ይኖር ነበር። ያችም ታፈሳለች። ለምን ሲባል «ገና መነሻ ላይ ነኝ» ይላል። ከዚያ አሥር ዓመት በፊትም መነሻ ላይ ነበር። ራህማ በርበሬ ትነግዳለች፤ ስለ ባሏ ሲነሳ ወንፊቷን እየነፋች «የሰው ባል ተነስቶ ደረሰ፤ የኔው ጌታ ገና እየተነሳ ነው» ትላለች።

ሐሰን የሚባል የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ጥያቄ ያመጣብኝም በዚህችው «መነሻ» ምክንያት ነው። ሐሰን ጎበዝ ልጅ ነው፤ ደመወዙ አልበቃው ብሏል። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ሕጉንም ታውቃለህ» አለኝ። «እንደ አያ ኑርዬ በቃል ይዤ በቃል ማሻገር ብጀምር ነውር አለው? መነሻ ይሆናል?»

«አዋጁ ስለሱ የሚለው የለም» አልኩት።

«እኔ ስለ አዋጁ አልጠየቅሁህም።»

አብረን ሼህ አሊ ዘንድ ሄድን። አያ ኑርዬም እዚያው ኖሯል፤ እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ጋባዥ መሀል ላይ ተቀምጧል።

ሼህ አሊ ጥርሳቸውን እየፋቁ «እጅህ ያልገባውን መሸጥ አይሆንም» አሉ። «ቤቱ በእጁ አይደለም።»

«ሼኽዬ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ አያ ኑርዬ፤ «ቤቱን መች ሸጥኩ? ቃሌን ነው የምሸጠው። ቃሌ ደግሞ የራሴ ነው፣ አፌ ውስጥ ነው ያለው።»

«ቃልህን ከሸጥከው በኋላ በምንህ ትናገራለህ?»

ሁሉም ሳቀ፤ አያ ኑርዬ ከሁሉም በላይ ሳቀ። የሐሰን ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። ሐሰን ቤቱ ሲሄድ እኔን እንደ ባለ ዕዳ አየኝ። ሰው የተማረ ነው ተብሎ የሁሉን ነገር መልስ መያዝ አለበት መሰል፤ ያን ዓመት እኔ እንኳን የሌላውን የራሴንም ጥያቄ የምሸከምበት ጉልበት አልነበረኝም።

እህቴ ስህን ያረፈችው በሚያዝያ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበረች፤ የከተማው ሰው ግማሹ መርፌዋን ቀምሷል። አላገባችም፣ አልወለደችም። ከዳገቱ ስር፣ ወደ ውኃው የሚያይ ሁለት ክፍል ቤት ነበራት፤ ከደመወዟ እየቆጠበች በራሷ እጅ ያሠራችው ነው። ታማ የተኛችውም እዚያው ነው፣ መስኮቱ ስር። ወራሿ እኔ ብቻ ነኝ።

እኔና ባለቤቴ እናትነሽ ደግሞ ቤት አለን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ክፉ ሰው አልነበረም። አርባዋ እስኪወጣ ጠብቆኝ ቢሮዬ መጣ። «ጓድ ታረቀኝ፣ ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ» አለኝ። «እስከ ዘመን መለወጫ ሌላ ባለቤት ካልገባበት ትርፍ ቤት ነው። የሕብረት ሱቁም መጋዘን ጠቦታል።»

አውቃለሁ። የስንቱን ሰው ትርፍ ቤት በገዛ እጄ መዝግቤያለሁ። ስህን የሞተችበት ክፍል ውስጥ የስኳርና የሳሙና ካርቶን ተደርድሮ እያየሁ በዚያ መንገድ በየቀኑ ወደ ሥራ መሄድ ግን አይሆንልኝም ነበር። መሸጥ ነበረብኝ፤ መሸጥ ደግሞ አልቻልኩም።

አያ ኑርዬ በልቅሶው ሁሉ ድንኳን ውስጥ አብሮ ተቀምጧል፤ ስለ ቤት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለእሱ ይህ ጾም ነበር። በሰኔ መጨረሻ ግን መጣና ደጃፌ ላይ ተቀመጠ።

«ቤቱ እንዴት ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሂድ ከዚህ!» አልኩት።

ሄደ። በበነጋታው ልማዱን ሰብሮ፣ ዱዓም ሳያስደርግ፣ ገዢ ይዞ መጣ።

የመጀመሪያው ጠጅ ቤት ሊከፍት የሚፈልግ ነው፤ አልሸጥም አልኩ። ሁለተኛው የእህል ነጋዴ ነው፤ መጋዘን ከሆነማ ለቀበሌው ልተወው። ሦስተኛው የስህንን ክፍል በእርምጃ ለክቶ፣ መሀል ግድግዳውን በጡጫ መትቶ «ይኼ ይፈርሳል» አለ። ሰላምታ ሳልሰጠው ወጣሁ። አራተኛው ያው ገዢ ብቻ ነበር፤ ምን እንደጠላሁበት ዛሬም አላውቅም። ሳቁ ይመስለኛል።

አያ ኑርዬ እስከ መንገዱ ተከተለኝ። «ወላሂ ታረቀኝ፣ አንተ ገዢ አይደለም የምትፈልገው።»

«ምንድነው የምፈልገው?»

«ሙሽራ። ለእህትህ ባል እያጨህ ነው።»

ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ። እናትነሽ ማታ ስትሰማ «ሰውየው እኮ እውነቱን ነው» አለችኝ። እሷም ደክሟታል። ቤት ውስጥ ከሐዘኑ ይልቅ የኔ መምረጥ ከብዶ ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ አያ ኑርዬ እየሮጠ መጣ። ኮምቦልቻ የሚኖር የጭነት መኪና ሾፌር አግኝቷል፤ ባለትዳር ነው፣ ልጆች አሉት፣ አይጠጣም፣ አያፈርስም፣ ሳቁም ደህና ነው። «በነሐሴ መጨረሻ ከአሰብ ሲመለስ ይገባል። እስከዚያ ዱዓ እናድርግና እንሰረው።»

«ሰውየውን ልየው።»

«መኪና ላይ ነው ያለው፣ ከየት ላምጣልህ? እስከዚያው ገዢው እኔ ነኝ በለው። ሁልጊዜስ እንዲህ አይደል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ማን፣ መቼ፣ በማን ፊት ብዬ እምቢ እል ነበር። ደክሞኝ ነበር። ቀኑም እያለቀ ነው። እሺ አልኩ።

ዱዓው በእህቴ ግቢ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር ተደረገ፤ ዝናብ ነበር። ሼህ አሊና አቶ ባዬ መጡ። ራህማም የስህን ነገር ሆኖባት መጥታ ከኋላ ቆማለች፤ ስህን አንድ ጊዜ በዘይት የተቃጠለ እጇን ወር ሙሉ እየተመላለሰች አክማላት ነበር። እኔና አያ ኑርዬ እጅ ለእጅ ተያያዝን። ሼህ አሊ ሊጀምሩ ሲሉ ቆም አሉ።

«ይቺ የእህታችን የስህን ቤት ናት» አሉ። «ዝም ብሎ ‹ገዢውን› ተብሎ አይመረቅባትም። ስም ጥራ። ማነው የሚኖርባት?»

አያ ኑርዬ የሾፌሩን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተና ተወው። ስሙን ከጠራ መሀሉ ገሃድ ይወጣል፤ እኔ በቀጥታ ኮምቦልቻ ሄጄ ሰውየውን ላገኘው ነው። በእኔ አራት ጊዜ የተቃጠለ ሰው ደግሞ ከእንግዲህ በምንም ዓይነት ገዢና ሻጭን ቀድሞ አያስተዋውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተና?»

«እኔና... ራህማ።»

ሼህ አሊ መረቁ። አቶ ባዬ ቀጠሉ። ኑርዬና ራህማ ይኑሩባት፣ ይውለዱባት፣ ያርጁባት፣ እንግዳ ይግባባት፣ ክፉ አይለፍባት አሉ። እኔ አይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ከኋላዬ አንዲት የሴት ድምፅ ከሁሉ ዘግይታ «አሚን» አለች።

በነሐሴ ወሬው መጣ። የሾፌሩ መኪና ለጦር ግንባር ስንቅ ታዟል፤ እሱም አብሮ ወደ ሰሜን ሄዷል። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ እናቷ ዘንድ ገባች። ቤት የሚገዛ የለም።

አያ ኑርዬ ከዚያ ወዲያ ያልረገጠው ገበያ የለም። ጳጉሜ ግን እየቀረበ ነው፣ ክረምት ነው፣ ሰው ሁሉ ልጁ ለዘመቻ እንዳይወሰድበት በሚያስብበት ሰዓት ቤት ልግዛ የሚል ጠፋ። የሕብረት ሱቁ ሠራተኛ አንድ ቀን መጥቶ በአጥሩ በኩል ክፍሎቹን በዓይኑ ሲለካ አገኘሁት። ቤቴ ገብቼ ለእናትነሽም ሳልነግራት ተኛሁ።

በነጋታው ሽማግሎቹን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጨምሬ፣ በስህን ግቢ ሰበሰብኩ። «አያ ኑርዬ አስሮብኝ ቀረ» አልኩ። «አንድም ይፍታኝ፣ አንድም ገዢ ያምጣ።»

አያ ኑርዬ ኮቱን እያሻሸ ተነሳ። ሁልጊዜ የሚንበለበለው ምላሱ ያን ቀን ከብዶት ነበር። «ፈትቼሃለሁ፣ ታረቀኝ። ለማንም ሽጠው። እኔ መሀሌንም አልፈልግም። አውፍ በለኝ።»

«ቆይ ቆይ» አሉ አቶ ባዬ። «ምኑን ነው የምትፈታው? ገዢ ጠፋ ያለው ማነው?»

«ሾፌሩ ዘምቷል እኮ።»

«እኛ ሾፌር አልመረቅንም» አሉ ሼህ አሊ። «እኛ የመረቅነው ኑርዬን ነው። ‹ማነው የሚኖርባት› አልኩህ፣ ‹እኔ ነኝ› አልከኝ። ምራቄ ገና አልደረቀም። ገዢው አንተ ነህ።»

አንድ ሰው መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ሁሉም። በዚያ ግቢ ውስጥ ያልሳቅነው እኔና አያ ኑርዬ ነበርን። እሱ ወደ ሼህ አሊ ተጠጋ።

«ሼኽዬ፣ እኔ እኮ... ያ እኮ የሥራ ነው። ሥራዬ ነው እንዲህ የሚባለው።»

«ዱዓም የእኔ ሥራ ነው። የትኛችን ሥራ ይፍረስ?»

«ከየት አባቴ አምጥቼ ልክፈል? እኔ ቤት... እኔ ምን አደርግበታለሁ? ቤት ያለው ሰው ይቀመጣል፤ እኔ ከተቀመጥኩ በምን እበላለሁ?» ወደ እኔ ዞረ። «ታረቀኝ፣ አንተ ንገራቸው። አንተ ሕጉን ታውቃለህ።»

ሕጉን ማወቅስ አውቀዋለሁ። በዚያ ከተማ ቤት ከሚፈልጉት ሁሉ፣ ምንም ቤት በስሙ የሌለው፣ ማንም ‹ትርፍ› ሊለው የማይችለው ሰው እሱ ነበር። ይህን ሳስበው ራሴ ደነገጥኩ። ግን ሰው በግድ ቤት አይሸጥለትም።

ያኔ ራህማ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች።

«እኔ ‹አሚን› ብያለሁ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?» አላት ባሏ።

«ምን ቤት? ስሜን የጠራኸው አንተ ነህ። ሰው ሁሉ በምርቃትህ ሲገባ እኔ በር ላይ ቆሜ ኖርኩ። የሰው ማጀት በአንተ አፍ ስትዘረዝርልኝ፣ የሰው መስኮት ስታወራልኝ፣ እኔ የሚያፈስ ጣሪያ ስር ገንዳ ስቀያይር። አንተ ቃልህን ሳብ ከፈለግህ። እኔ የኔን ‹አሚን› አልስብም። በርበሬዬ አለ፣ ለታረቀኝ በየገበያው እከፍላለሁ። እምቢ ካለም ይንገረኝ፤ ስህን እጄን ስታክም አስከፍላኝ አታውቅም፤ ወንድሟ ምን እንደሚል ልይ።»

ሁሉም እኔን አየ። እኔ የጭነት መኪና ሾፌሩን ሳቅ ሳይቀር የመረመርኩ ሰው፣ ለዚች ሴት የምጠይቃት አንድ ጥያቄ አጣሁ። «ከአያ ኑርዬ ጋር በተነጋገርነው ዋጋ ነው» አልኩ። «ከዚያ በላይ የለም። ጊዜሽን ወስደሽ ክፈይ።»

«መሀሉስ?» አለ አንድ ተረበኛ ከኋላ።

«መሀሉንማ ራሱ ይተኛበታል» አሉ አቶ ባዬ። አያ ኑርዬ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ሐሰን መንገድ ላይ ያዘኝ። ጥያቄውን አልረሳም። «አሁንስ ምን ትለኛለህ? መነሻ ይሆናል?» አለኝ። «አንድ ነገር ብቻ ልበልህ» አልኩት፤ «እውነተኛው ገዢ የቀረ እንደሆነ ራስህ የማትገባበትን ቤት በሰው እጅ ላይ አትሰር። ልትገባበት የምትችለውን ከሆነ፣ ሥራ ነው፣ ሥራው።» ሐሰን ትንሽ አሰበና «እንዲህ ከሆነ ብዙ ቤት መያዝ አይቻልም» አለ። «አይቻልም» አልኩት።

ውሉ በሌላ ሠራተኛ እጅ ተፈጸመ፤ የራሴን ጉዳይ ራሴ አልመዘግብም። የጳጉሜ የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ ቁልፉን ለአያ ኑርዬ ሰጠሁት። ቁልፉን በሁለት ጣት፣ እንደ ፍም ያዘው።

የገቡ ዕለት እንዳላይ ብዬ በላይኛው መንገድ ልሄድ አስቤ፣ እግሬ በታችኛው ወሰደኝ። ካፊያ ነበር። ራህማ የበርበሬ ኩንታሏ ላይ ተቀምጣ፣ ዕቃው ጭቃ ላይ ተደርድሮ፣ አያ ኑርዬ በሩን በትከሻው ይገፋል።

«ይኼ ቁልፍ ሐሰት ነው!» አለኝ ገና ሲያየኝ። «ወላሂ በሩ እምቢ አለኝ።»

«ስንቱን በር ሸጦ» አለች ራህማ ዓይኗ በሳቅ እንባ አቅርሮ፤ «ስንቱን በር ሸጦ፣ አንድ ከፍቶ አያውቅም እኮ! በቁልፍ ገባሁ ያለበት ቀን የለም።»

እኔ ያንን በር ለእነዚያ ገዢዎች ከከፈትኩት ወዲህ አልነካሁትም ነበር። ማጠፊያው የወረደ ነው፤ ስህን በየጊዜው አናጢ ላስመጣ ትላለች፣ አታስመጣም። እጀታውን ይዘህ ወደ ላይ ብድግ አድርገህ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው። በተዘጋ ቁጥር ከውስጥ «አንሳው! አንሳው!» ትለኝ ነበር። ይህን የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

አያ ኑርዬን ወደ ጎን አልኩት። እጀታውን አንስቼ ገፋሁ። ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ የተዘጋ ቤት ሽታ፣ ትንሽ የመድኃኒትም። ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም አልል አልኩ።

አያ ኑርዬ ከኋላዬ ነበር። ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል አደረገ።

«አንተ ቅደም» አለኝ። «ቤቱ እስካሁን የሚያውቀው አንተን ነው። እኛ ከኋላህ እንገባለን።»

ገባሁ። በዚያ ከተማ ይህን ቤት ለማን ትመርጣለህ ብባል እሱን የመጨረሻ አደርገው ነበር። ከኋላዬ «ቢስሚላህ» ብሎ ጫማውን አውልቆ፣ በእግሩ ጣት፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ያህል ሲገባ ስሰማው ግን ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አልከፍትለትም ነበር አልኩ በልቤ።

«ታረቀኝ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «መስኮቱስ እንዴት ነው የሚከፈተው?»

አሳየሁት።